ተጫዋችን የማቆየት ዘዴ፤ በቀድሞዎቹና በአሁኖቹ የመረብ ጨዋታዎች

ስለ ጨዋታ ታሪክ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ቀልድ ሊታየው ይችላል። ሆኖም ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ዝርዝር ብቻ እንዳልሆነ በትምህርት ክፍላችን ደጋግሞ የተነገረ ነገር ነው። የሰው ልጅ ከሥራ የተረፈውን ጊዜ፥ አልፎ አልፎም ለሥራ የሚገባውን ጊዜ፥ በምን ላይ እንዳዋለው መመርመር የታሪክ ተማሪ ድርሻ ነው። በዛሬው ዘመን ከዚህ ጊዜ ከፍ ያለ ድርሻ ከሚወስዱት ነገሮች አንዱ በኢንተርኔት መረብ የሚካሄደው ጨዋታ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ ማንም ተማሪ ከመኝታ ክፍሉ መውጣት አያስፈልገውም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፤ ዛሬ የተጫወተ ሰው ነገ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይህስ ምክንያት በቀድሞዎቹና በአሁኖቹ ጨዋታዎች አንድ ነውን? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ጕዳይ ሁለት አስተያየቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው፥ የድሮው ጨዋታ ጥሩ ስለ ነበረ ሰውን ያቆይ ነበር፤ ያሁኑ ግን ወጥመድ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ያሁኑ ጨዋታ ሥዕሉ የሚያምር፥ ፍጥነቱም የሚያስደንቅ ስለ ሆነ ከድሮው ይልቅ ይስባል የሚል ነው። ሁለቱም ከእውነት ጥቂት ጥቂት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሒሳቡን መዝገብ አልተመለከቱም። በእኔ አስተያየት ገንዘቡ የሚከፈልበት መንገድ በተለወጠ ቍጥር ተጫዋችን የማቆያው ዘዴም አብሮ ተለውጧል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

በቅድሚያ ከመረብ ውጭ የነበረውን አንድ ነገር ማየት ይጠቅማል። በ1978 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተነደፈውን «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለ፥ ሳንቲም እየተከተተ የሚሠራ የጨዋታ መኪና አወጣ። የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት የሚያተርፈው ተጫዋቹ ቶሎ ቶሎ ሲሸነፍና ሌላ ሳንቲም ሲጨምር ነው። በአንድ ሳንቲም ግማሽ ቀን የሚቆም ሰው ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ጨዋታው በየደቂቃው እየከበደ ሄዶ ሰውየውን ይጥለዋል። ታዲያ የወደቀው ሰው ለምን ይመለሳል? መልሱ በመስታወቱ ላይ የሚታየው ከፍተኛ ነጥብ ነው። በ1979 አታሪ ያወጣው «አስተሮይድስ» ደግሞ አሸናፊው የስሙን ሦስት ፊደላት እንዲጽፍ ፈቀደለት። ሦስት ፊደል ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያያት የክብር ሰሌዳ ነበረች።

በዚያው በ1978 በእንግሊዝ አገር፥ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፥ ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ የመጀመሪያውን ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚገቡበትን የጽሑፍ ዓለም መሥራት ጀመረ። በ1980 ገደማ ሥራውን የተረከበው ሪቻርድ ባርትል የተባለ ሌላ ተማሪ ነው። የጨዋታው ስም «መድ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ጭቃ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ አለው። ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረበትም። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ ብሎ ሲጽፍ፥ ማሽኑ የደረሰበትን ስፍራ በቃላት ይገልጽለታል፤ በዚያ ስፍራ ሌላ ሰው ካለም ያነጋግረዋል፥ ወይም ይወጋዋል።

በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ምክንያቱም ይህ ጨዋታ ማንም የማያተርፍበት ነበር። የሠሩት እንደ እኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ማሽኑ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው። ከውጭ በስልክ መስመር የሚገቡት እንግዶች የሚፈቀድላቸው ማሽኑ ሥራ በሚፈታበት በሌሊቱ ሰዓት ነበር። ተጫዋቹን ለማባበል የሚደክም አንድም ሰው የለም ማለት ነው። እንዲያውም ጨዋታው ጨካኝ ነበር፤ በውጊያ የሞተ ሰው ለብዙ ሳምንታት የሰበሰበውን ማዕረግ በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችል ነበር። ይህም ሆኖ ሰዎች እንቅልፋቸውን እየተዉ ይመለሱ ነበር።

ለምን ተመለሱ? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው፥ ነጥቡን የፈጸመ ተጫዋች «ጠንቋይ» የሚባል ማዕረግ ያገኛል፤ ጠንቋይ የሆነም በዓለሙ ላይ ሥልጣን ይኖረዋል፤ ሌሎቹን ይረዳል፥ ይቀጣል። ይህ እንግዲህ መጨረሻ ያለው መንገድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሰው ነው። ባርትል ራሱ በ1996 ባወጣው የታወቀ ጽሑፉ ተጫዋቾችን በአራት ወገን ከፍሏቸዋል። እነሱም ማዕረግ ፈላጊዎች፥ ዓለሙን መርማሪዎች፥ ወዳጅ ፈላጊዎችና ሌላውን በመግደል የሚደሰቱ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ፥ ማለትም ወዳጅ ፈላጊውና ገዳዩ፥ ሌላ ሰው ከሌለ ምንም ሊያደርጉ የማይችሉ ናቸው። ባርትል አንደኛው ወገን ሲበዛ ሌላው እንደሚሸሽም አስረድቷል። ገዳዮች ሲበዙ ወዳጅ ፈላጊዎች ይጠፋሉ፤ እነሱ ሲጠፉ ገዳዩም የሚገድለውን ያጣል። እንደ እኔ አስተያየት ስለ ተጫዋች መቆየት ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል በጥቂት ገጽ ብዙ የተናገረ የለም።

ጨዋታው ወደ ንግድ በገባ ጊዜ የመጀመሪያው ሒሳብ በሰዓት የሚከፈል ሆነ። በአሜሪካ ኮምፒዩሰርቭ የተባለው የመረብ አገልግሎት በ1985 ያቀረበው «አይላንድ ኦፍ ኬስማይ» የተባለ ጨዋታ፥ በሴኮንድ 300 ቢት በሚያስተላልፈው ቀርፋፋ መስመር በሰዓት 6 ዶላር፥ በፈጣኑ መስመር ደግሞ 12 ዶላር ያስከፍል ነበር። በየምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚጫወት ሰው በቀርፋፋው መስመር እንኳ በወር 360 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የሚቆየው ሀብታም ወይም ዕብድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም የሚፈልገው ብዙ ሰው ሳይሆን ብዙ ሰዓት ነው። ይህ ዘመን የተዘጋው አሜሪካ ኦንላይን የተባለው ድርጅት በዲሴምበር 1996 ለመላው አገልግሎቱ በወር 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ብቻ ማስከፈል በጀመረ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው የወርኃዊ ክፍያ ዘመን ነው። «አልቲማ ኦንላይን» በሴፕቴምበር 1997፥ «ኤቨርክዌስት» በማርች 1999 ወጡ፤ ሁለቱም በወር ወደ 10 ዶላር የሚጠጋ ያስከፍሉ ነበር። በኮሪያ በ1998 የወጣው «ሊኒጅ» ደግሞ «ፒሲ ባንግ» በሚባሉት የኮምፒዩተር ቤቶች በኩል ተስፋፋ፤ በዚያ የተጫዋቾች ማኅበራት ግንብ ለመያዝ እርስ በርስ ይዋጉ ነበር።

የወርኃዊ ክፍያ ሒሳብ የተለየ ጠባይ አለው። ለኩባንያው በቀን አሥር ሰዓት የሚጫወተውም በወር አንድ ጊዜ ብቅ የሚለውም እኩል ነው፤ እንዲያውም ብቅ የማይለው ይሻለዋል፥ ማሽኑን አይጭንበትምና። ኩባንያው የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ክፍያውን እንዳይሰርዝ። ስለዚህ ጨዋታው መጨረሻ እንዳይኖረው፥ ትቶት መሄድም ሰዎችን ትቶ እንደ መሄድ እንዲሆን ያስፈልጋል።

«ኤቨርክዌስት» ይህን በትክክል ፈጸመ። አብዛኛውን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ሰው ብዙ አይራመድም። የሞተ ሰው ካከማቸው ልምድ ይቀነስበታል፤ ከዚህም በላይ ሬሳው ከነልብሱና ከነመሣሪያው በወደቀበት ስለሚቀር፥ ራቁቱን ተመልሶ ለመፈለግ ይገደዳል። ስፍራው አደገኛ ከሆነ ሬሳውን ሊያነሣለት የሚችል ወዳጅ መለመን አለበት። ከአንዱ ክፍለ ዓለም ወደ ሌላው ለመሻገር መርከብ መጠበቅ ነበር። ከውጊያ በኋላ ኀይሉ እስኪመለስ ድረስ ቁጭ ማለት ነበረበት። በዚያ ሁሉ መቀመጥ ጊዜ ሰው ምን ይሠራል? ያወራል። የጨዋታው ዝግታ ራሱ የወዳጅነት መፍለቂያ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ያን ዘመን ለማመስገን አይደለም። አንዱን ብርቅ አውሬ ለማግኘት ሰዎች ለብዙ ሰዓት በአንድ ቦታ ተራ ይጠብቁ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸውም ጨዋታውን በአደገኛ ዕፅ ስም ሰይመው «ኤቨርክራክ» ይሉት ነበር። የድሮው ጨዋታ አያጠምድም ነበር የሚሉት ሰዎች ይህን ቅጽል ስም ማስታወስ ይገባቸዋል። ልዩነቱ የሚያስረው ገመድ ከምን እንደ ተፈተለ ነው። በ«ኤቨርክዌስት» ሰውየው የማይቀርበት ምክንያት፥ ቢቀር ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጠብቁት አምስት ሰዎች ሥራቸው ስለሚፈርስ ነበር።

በኖቬምበር 2004 የወጣው የብሊዛርድ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በሁለቱ ዘመናት መካከል የቆመ ድልድይ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ገና ለሙከራ በቀረበበት ጊዜ አዘጋጆቹ ሰው ያለ ልክ እንዳይጫወት በማሰብ፥ ብዙ ሰዓት የቆየ ተጫዋች የሚያገኘው ነጥብ በግማሽ እንዲቀንስ አድርገው ነበር። ተጫዋቾቹ እጅግ ተቈጡ። ከዋና አዘጋጆቹ አንዱ የነበረው ሮብ ፓርዶ በኋላ እንዳስረዳው፥ መፍትሔው ቍጥሩን ሳይነኩ ስሙን መለወጥ ሆነ። ቀድሞ 100 ከመቶ ይባል የነበረው 200 ከመቶ ተባለና «ያረፈ ሰው ጉርሻ» ሆነ፤ ቀድሞ ቅጣት የነበረው 50 ከመቶ ደግሞ 100 ከመቶ ተብሎ «ተራ» ሆነ። ቍጥሩ ያው ነው፤ ተጫዋቹ ግን ደስ አለው። በዚህ ትንሽ ለውጥ ውስጥ ትልቅ ነገር አለ። ቀርቶ መመለስ ራሱ ሽልማት የሚያስገኝ ሥራ ሆኗልና።

ከዚያ በኋላ እርምጃው ፈጠነ። በ2007 በየቀኑ የሚታደሱ ግዳጆች ገቡ፤ የዛሬውን ግዳጅ ዛሬ ያልፈጸመ የዛሬ ድርሻው ያመልጠዋል። በዲሴምበር 2009 ደግሞ ማሽኑ ራሱ ከልዩ ልዩ ሰርቨሮች የማይተዋወቁ አምስት ሰዎችን ሰብስቦ ወደ ዋሻ የሚልክበት ዘዴ ተጨመረ። ከዚያ በፊት አምስት ሰው ለማግኘት መለመን፥ መደራደር፥ መልካም ስም መያዝ ያስፈልግ ነበር። ነገረኛ የሆነ ሰው በሰርቨሩ ላይ ይታወቅና ጓደኛ ያጣል። ከዚያ በኋላ ግን ሰዎቹ ሳይተዋወቁ ተገናኝተው፥ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ይለያያሉ። የተጫዋቹ ቍጥር በዚህ ምክንያት ወዲያው አልቀነሰም፤ በኦክቶበር 2010 ኩባንያው ከ12 ሚሊዮን በላይ ከፋዮች እንዳሉት አስታውቋል። ይሁን እንጂ ተጫዋቹን የሚያቆየው ነገር ከጎረቤት ወደ ቀን መቍጠሪያ እንደ ተሸጋገረ በዚህ ግልጽ ነው።

ይህ ሽግግር የተፈጸመው ጨዋታው በነጻ በሚሰጥበት ዘመን ነው። ነጻ ማለት ማንም አይከፍልም ማለት አይደለም፤ ጥቂቶች ብዙ ይከፍላሉ ማለት ነው። ዚንጋ በጁን 2009 በፌስቡክ ላይ ያወጣው «ፋርምቪል» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተጫዋቹ እርሻ ያርሳል፤ የዘራው እንጆሪ በአራት ሰዓት ይደርሳል፤ በጊዜው መጥቶ ያልሰበሰበው ግን ይጠወልግበታል። (የእኛ አገር ገበሬ ይህን እርሻ ቢያይ በሁለት ምክንያት ይስቃል፤ በፍጥነቱና ዝናብ ባለመፈለጉ።) በ2010 መጀመሪያ በወር ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይጫወቱት ነበር። በዚህ ጨዋታ ወዳጅ አለ፥ ነገር ግን የወዳጅነቱ ሥራ ስጦታ መላክና ጥሪ መላክ ነው። ወዳጁ ሰው መሆኑ ቀርቶ የማስታወቂያ ደወል ሆነ። ፋርምቪል በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ተዘጋ፤ በአንጻሩ ከእርሱ በአሥር ዓመት የሚቀድመው «ኤቨርክዌስት» በ2024 የተወለደበትን 25ኛ ዓመት አክብሯል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው መያዝና ሰውን ብዙ ዓመት መያዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላገኘሁም።

አሁን ያሉት ኩባንያዎች አንድ ጨዋታ ሰውን ማቆየቱን የሚለኩት በመጀመሪያው፥ በሰባተኛውና በሠላሳኛው ቀን ከመቶ ስንቱ እንደ ተመለሰ በመቍጠር ነው። መለኪያው ቀን ስለ ሆነ መሣሪያውም ቀን ሆነ። በየቀኑ ለሚገባ ሰው ስጦታ፥ በየሳምንቱ የሚለወጥ ሱቅ፥ በየወቅቱ የሚያልቅ መንገድ የተበጁት ለዚህ ነው። በሴፕቴምበር 2017 የወጣው የ«ፎርትናይት» የመቶ ሰው ፍልሚያ «ባትል ፓስ» የሚባለውን አሠራር በዓለም ሁሉ አሰራጨ፤ ከእርሱ በፊት በ2013 ቫልቭ በ«ዶታ 2» ተመሳሳዩን ሞክሮት ነበር። ተጫዋቹ አስቀድሞ ገንዘብ ይከፍላል፤ የከፈለበትን ዕቃ ግን የሚያገኘው ወቅቱ ሳያልቅ በመጫወት ደክሞ ነው። እስቲ አስቡት፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሥራ ግዴታ ይገዛል! በዚህ ላይ የዕጣ ሳጥኑ ተጨመረ። ጃፓን በ2012 ከዚህ ዓይነት ዕጣ በጣም የከፋውን፥ ማለትም ሙሉ ስብስብ ያወጣ ብቻ ሽልማት የሚያገኝበትን፥ ከልክላለች። የቤልጅግ የቍማር ኮሚሽንም በ2018 የተከፈለበትን የዕጣ ሳጥን ቍማር ነው ሲል ፈርዷል።

ከላይ የተባለው ሁሉ የአሁኑ ዘዴ የቀድሞውን ፈጽሞ እንዳሸነፈ ያስመስላል። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። በ2001 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው «ሩንስኬፕ» በኖቬምበር 2012 የውጊያ ሥርዐቱን ከመሠረቱ በለወጠ ጊዜ ብዙ ተጫዋቾች ተቃወሙ። ባለቤቱ ጃጌክስ ከኦገስት 2007 የተቀመጠ ቅጂ ስለ ነበረው ለተጫዋቾች ድምፅ መስጫ አቀረበ፤ ከ400 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ አሮጌው ጨዋታም በፌብሩዋሪ 2013 እንደ ገና ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጨዋታ ዋና ዋና ለውጥ የሚገባው ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጥተው ሲያጸድቁት ነው፤ በጊዜ ብዛትም ከአዲሱ ወንድሙ የበለጠ ተጫዋች አግኝቷል። በአንጻሩ «ኖስታልሪየስ» የተባለው፥ በጎ ፈቃደኞች ያለ ፈቃድ ያቋቋሙት የድሮው ዋርክራፍት ሰርቨር በብሊዛርድ ጠበቆች ማስጠንቀቂያ በኤፕሪል 2016 ተዘጋ። ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ ፈረሙ። በኦገስት 2019 ብሊዛርድ ራሱ የድሮውን ጨዋታ «ክላሲክ» ብሎ ከፈተው፤ በዚያው ሩብ ዓመትም በጨዋታው ታሪክ ከፍተኛ የሆነ የከፋዮች ጭማሪ እንዳገኘ አስታወቀ። ፎርትናይት እንኳ በኖቬምበር 2023 የጥንቱን ካርታ ሲመልስ በአንድ ቀን 44.7 ሚሊዮን ሰዎች ገብተዋል።

ይህ ትዝታ ብቻ ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ በከፊልም ትክክል ነው። በ2004 አሥራ ስድስት ዓመት የነበረው ልጅ የሚናፍቀው ጨዋታውን ይሁን አሥራ ስድስት ዓመቱን ለመለየት ያስቸግራል። ሆኖም በሩንስኬፕ ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀውን ነገር በናፍቆት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ናፍቆት በጥቂት ወር ይጠግባልና። የእኔ ግምት በድምፅ መስጫው ላይ ያርፋል። ሰው የራሱ በሚመስለው ነገር ላይ ይቆያል።

የጕዳዩ ክብደትም ያለው በዚህ ላይ ነው። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጉድጓዱን በመሬት ላይ ቆፍሮ ጠጠሩን ለቅሞ ይጫወታል፤ ማንም ኩባንያ ሊዘጋበት፥ ሕጉንም በሌሊት ሊለውጥበት አይችልም። በመረቡ ጨዋታ ግን ዓለሙም፥ ሕጉም፥ ቀን መቍጠሪያውም የባለቤቱ ነው። ተጫዋቹ አሥር ዓመት የኖረበትን ከተማ በአንድ ማስታወቂያ ሊያጣ ይችላል፤ ለማቆየት የሚደረግበትንም ዘዴ የሚያይበት መስኮት የለውም።

መንግሥታት በዚህ ነገር ጣልቃ ሲገቡ የያዙት አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ነው። ኮሪያ በኖቬምበር 2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይጫወቱ ከለከለች፤ ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ እየገቡና ጨዋታውም ወደ ስልክ እየተሻገረ ሕጉ ስለ ላላ፥ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ተሻረ። ቻይና በኦገስት 2021 ለልጆች የፈቀደችው ዓርብ፥ ቅዳሜ፥ እሑድና በበዓላት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ በዲሴምበር 2022 የፎርትናይትን ባለቤት 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ያደረገው በልጆች የግል መረጃ አያያዝና ሰውን አታልሎ በሚያስገዛ የቍልፍ አቀማመጥ ነው እንጂ፥ በወቅቱ ማለቅና በዕለት ስጦታው አይደለም።

ዘዴውን ራሱን የነካ አንድ ረቂቅ ብቻ ላንሣ። በዲሴምበር 22 ቀን 2023 የቻይና የኅትመት ባለሥልጣን በየቀኑ ለሚገባ ተጫዋች ስጦታ መስጠትን፥ እንዲሁም የመጀመሪያ ግዢና ተከታታይ ግዢ ለሚፈጽም ሰው ጉርሻ መስጠትን የሚከለክል ረቂቅ አወጣ። በዚያው ቀን የቴንሰንትና የኔትኢዝ አክሲዮኖች ዋጋ በገበያው ላይ ወደቀ፤ የቴንሰንት ከመቶ ከ10 በላይ፥ የኔትኢዝም ከመቶ ከ20 በላይ። ባለገንዘቦቹ ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ከማንም በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው። ረቂቁ በጃንዋሪ 2024 ከባለሥልጣኑ የመረብ ገጽ ላይ ተነሣ።